ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የያዛችሁት አመል ሥራ ቦታ ሲከተላችሁ፤ የቱን ትይዛላችሁ፣ የቱን ትተዋላችሁ?

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ተወልጄ ያደግኩት ደግሞ ደሴ ነው። ሥራዬ ሰው መቅጠር፣ የተቀጠረውን ማሠልጠን፣ የተጣላውን ማስታረቅ ነው። ሲቪ በየቀኑ አያለሁ። ከላይ የሚጻፈው ዲግሪው ወይም የቴክኒክና ሙያ ደረጃው ነው። የተማረበትን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማንም አይጽፍም። ሰውየው ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ወር ሳይሞላ ብቅ የሚለው እሱ ነው። ያልገባውን ነገር «ገብቶኛል» ብሎ የሚያልፈው፣ ሪፖርት ከጓደኛው የሚገለብጠው፣ አለቃ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አንገቱን የሚደፋው፣ ወይም ደግሞ ማንም ሳያዘው ማሽኑን ጠርጎ፣ የፈረቃ መዝገቡን ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሑፍ ሞልቶ የሚወጣው፣ ይሄን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አላስተማረውም። አራተኛ አምስተኛ ክፍል እያለ ነው የያዘው።

ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ያንን አመል ፈልጎ ስለማግኘት፣ የሚጠቅመውን ሥራ ላይ ስለማዋልና የሚጎትተውን ስለማራገፍ ነው። አስተማሪ ለመርገም የመጣ ሰው ካለ እዚህ ብዙም አያገኝም።

ካርዱን ከእናታችሁ ቁም ሣጥን አውጡ

የኛ አገር እናት የትምህርት ቤት ውጤት ካርድ አትጥልም። ከክትባት ካርድና ከቤት ካርታ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስታገኙት ዓይናችሁ ቀጥታ ደረጃው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከሰባ ምናምን ልጅ ስንተኛ እንደወጣችሁ። እሱን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። ከታች ያሉትን ትንንሽ መስመሮች አንብቡ፦ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን፣ የክፍል ኃላፊው አስተያየት። «ጎበዝ ናት፣ ግን ዝምተኛ ናት።» «ወሬ ይቀንስ።» «በዚሁ ይቀጥል።» የአንድ ክፍል ሙሉ ካርድ ሲሞላ ያመሸ፣ የደከመው መምህር የጻፋት አንድ መስመር ናት፤ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ያያችሁ ሰው ነው የጻፋት። ዝምተኛ የተባለችው ልጅ ዛሬ ስብሰባ ላይ ምን ትላለች? ምንም።

ከዚያ የየዓመቱን ካርድ መሬት ላይ ደርድሩና ውጤቱ የት ጋ እንደተሰበረ እዩ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በተማርነው ሰዎች ላይ ስብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ 5ኛ ክፍል ነው። እስከ 4ኛ በአብዛኛው አንድ መምህር ነው ሁሉንም ትምህርት የሚሰጠው፣ ልጁን በስሙ ያውቀዋል፣ እናቱንም ያውቃታል። 5ኛ ላይ በየክፍለ ጊዜው ሌላ ሰው ይገባል። ልጁ ድንገት ማንም የማያውቀው ሰው ይሆናል። ሁለተኛው 9ኛ ክፍል ነው፣ በአማርኛ ሲማር የኖረው ልጅ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥበት። ውጤታችሁ እዚህ ጋ ከወደቀ «እኔ ድሮም ለትምህርት አልተፈጠርኩም» የምትሉትን ነገር ተዉት። ወድቃችሁ የነበረው ድልድዩ ላይ ነው፤ ድልድዩ ደግሞ ብዙ ሰው ጥሏል።

ይሄን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ በአገር ደረጃ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ከተማቸው ገብቶ ትምህርት ተቋርጦባቸዋል። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹን ዛሬ ለኦፕሬተርነት ቃለ መጠይቅ አደርጋቸዋለሁ። ሰነፍ መሆናቸውን አምነው ነው የሚመጡት። ሥራ ላይ ሲገቡ ግን ሌላ ሰው ናቸው።

አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ

ካርዱ የማይነግራችሁ ነገር አለ። እሱን ራሳችሁ ጻፉት። የት ነበር የምትቀመጡት፣ ፊት ነው ወይስ መስኮቱ ጋ? የክፍል አለቃ ነበራችሁ፣ ወይስ ስማችሁ በየቀኑ የረባሽ ዝርዝር ላይ የሚወጣ? ቲቸር ጥያቄ ጠይቆ ስትሳሳቱ ምን ይከተል ነበር፣ ሳቅ ነው፣ ኩርኩም ነው፣ ወይስ «ቆይ፣ እንደገና አስበው»? ቤት ሥራችሁን ማን ያይላችሁ ነበር? እያንዳንዱ መልስ አጠገብ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ይሄን ነገር ባለፈው ወር ሥራ ላይ የት አየሁት? ይቺ ሁለተኛዋ ዓምድ ከሌለች የጻፋችሁት ትዝታ ብቻ ነው፣ ምንም አያደርግላችሁም።

የራሳችሁን ትውስታ ብቻ አትመኑ። ከጎናችሁ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ፈልጉ። የድሮ ክፍላችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ይኖረዋል፣ ከሌለው ክፈቱ። ፒያሳ ቡና ጋብዙትና «እኔ ያኔ ምን ዓይነት ልጅ ነበርኩ?» በሉት። ሳቁ ሲያልቅ እውነቱን ይነግራችኋል። ራሱን ፈሪ ነበርኩ ብሎ የሚያስብ ሰው «አንተማ እኮ ለሁላችንም ለዳይሬክተሩ የምትናገርልን ነበርክ» ሲባል አይቻለሁ። ተቃራኒውንም አይቻለሁ፣ እሱ ትንሽ ያማል።

ደረጃ የወጣችሁም፣ ያልወጣችሁም

አንደኛ ሁለተኛ ይወጡ የነበሩ ልጆች ሥራ ቦታ ላይ አንድ የታወቀ ችግር አለባቸው። በየሴሚስተሩ «ጎበዝ» የሚላቸው ሰው ለምደዋል። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ማንም መድረክ ላይ ጠርቶ ደብተር አይሸልምም። አለቃ ዝም ካለ ሥራው ደህና ነው ማለት ነው፣ በቃ። እነሱ ግን ዝምታውን እንደ ቁጣ ያዩታል፣ ዓመት ሳይሞላቸው «አልተፈለግኩም» ብለው ይለቃሉ። ከነዚህ ውስጥ ከሆናችሁ መፍትሔው ቀላል ነው። ወር በገባ ቁጥር አለቃችሁን አምስት ደቂቃ ጠይቁት፦ «በዚህ ወር ከሠራሁት የቱ ጥሩ ነው፣ የቱን ላስተካክል?» መጀመሪያ ግር ይለው ይሆናል። ሦስተኛው ወር ላይ ራሱ ጠርቶ ይነግራችኋል።

ደረጃ ላልወጣችሁት ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 ስታር የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ። ከ11 ሺህ በላይ ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ባሉት ዓመታት ትንሽና ትልቅ ክፍል ውስጥ በዕጣ ተመደቡ። በኋላ ራጅ ቼቲ የሚባለው የኢኮኖሚ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ልጆቹ 27 ዓመት ሲሞላቸው ገቢያቸውን አዩና እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙት። ጥሩ ክፍል የደረሳቸው ልጆች በፈተና ያገኙት ብልጫ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ ጠፍቶ ነበር። ደመወዛቸው ላይ ግን ተመልሶ መጣ። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ልጆቹ ፈተና የማይለካውን ነገር፣ ጥረትን፣ ትኩረትን፣ አለመረበሽን ይዘው ወጥተዋል የሚል ነው። አገሩ ሌላ ነው፣ ክፍሉም ሌላ። ቢሆንም ካርዳችሁ ላይ «ጠባይ» ከሚለው አጠገብ «ሀ» ወይም «በጣም ጥሩ» ተጽፎ ደረጃችሁ አርባኛ ከሆነ፣ ቀጣሪ የሚፈልገው የቱን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ፦ የመጀመሪያውን።

«ጥያቄ ያለው?»

ቃለ መጠይቅ ስጨርስ ሁሌ «አንተስ እኛን የምትጠይቀው አለህ?» እላለሁ። አብዛኛው ልጅ ጉልበቱ ላይ ያደረገውን ፋይል ጠበቅ አድርጎ «የለኝም» ይላል። ደመወዙን አያውቅም፣ ፈረቃው ሌሊት ይሁን ቀን አያውቅም፣ ሰርቪስ ከደሴ ይኑር አይኑር አያውቅም። ከደሴ እየተመላለሰ ሊሠራ ነው እኮ፣ ያን የሐረጎን ጠመዝማዛ በየቀኑ ሊወርድ ሊወጣ። ግን ጥያቄ የለውም።

ይሄ ሰው ደደብ አይደለም። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ መጠየቅ ዋጋ እንደሚያስከፍል ገና በልጅነቱ ተምሯል። ቲቸር ጊዜ የለውም፣ ጓደኛ ይስቃል፣ ስለዚህ ዝም ማለት ያዋጣ ነበር። ማሽን ፊት ግን ዝም ማለት ጣት ያስቆርጣል። አጋንኜ አይደለም።

እንዴት ይለቃል? በትልቅ ስብሰባ አትጀምሩ። በአንድ ሰው ጀምሩ፣ ለዚያውም ብቻውን ሲሆን። የሚወጣላችሁን ዓረፍተ ነገር ቀድማችሁ አዘጋጁ። «ጋሼ፣ ይቺን አልያዝኳትም፣ አንዴ ይድገሙልኝ።» ወይም «የገባኝን ልንገርዎት፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።» ሁለተኛዋ ትበልጣለች፣ ምክንያቱም ያልገባችሁ ቦታ ራሱ ይታያል፣ ሰውየውም ሲሰማችሁ እንደቆየ ያውቃል። ሳምንት ሁለት ሳምንት እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ሦስት አራት ሰው ያለበት ላይ ሞክሩት። ፊታችሁ ይቀላል፣ ልባችሁ ይመታል፣ አብሽሩ፣ ያልፋል።

ቃል በቃል መያዝ ሀብት ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር

ወሎ ውስጥ ካደጋችሁ ከመደበኛው በፊት ወይም ከመደበኛው ጎን ሌላ ትምህርት ቤት ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ደግሟል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቁርአን ቤት እንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ አጥቦ፣ እንደገና ጽፎ ሱራ ሐፍዟል። አንድ ግቢ ያደጉ፣ በዓሉን በጋራ የበሉ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ዘንድ አንድ የሚገርም ችሎታ አለ፦ ረጅም ነገር ሳይታክቱ ደግሞ ደጋግሞ መያዝ፣ ስህተቱን ወዲያው በጆሮ መለየት። ዘመናዊ ትምህርት ይሄን «ሽምደዳ» ብሎ አናንቆት እኛም አብረን ናቅነው። እኔ አልስማማም። የማሽን አነሳስና አጠፋፍ ቅደም ተከተል፣ የመድኃኒት ስም፣ የሒሳብ መዝገብ ኮድ፣ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ይሄ ሁሉ በቃል ተይዞ ነው የሚሠራው። የድሮውን ዘዴ እንዳለ አምጡት። ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ትላንት የያዛችሁትን ዛሬ ከአዲሱ በፊት ድገሙ፣ የሚያርማችሁ ሰው ፊት አስቀምጡ።

የሚቀረው ነገር ትርጉሙ ነው። የያዛችሁትን ለማያውቀው ሰው፣ ለታናሽ እህታችሁ በሉት፣ በራሳችሁ ቃል አስረዱ። ማስረዳት ካቃታችሁ ገና አልያዛችሁትም።

የእንግሊዝኛውና የሒሳቡ ቀዳዳ

እዚህ ጋ ሰው ገንዘብ ይጨርሳል። እንግሊዝኛ ኮርስ ይመዘገባል፣ ከ«ቴንስ» ይጀምራል፣ ሁለተኛው ወር ላይ ያቆማል፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከ«ቴንስ» ይጀምራል። ከሥራችሁ ጀምሩ። የማሽኑ መመሪያ፣ የምትሞሉት ቅጽ፣ አለቃችሁ የሚልከው ኢሜይል ላይ ያለውን ቃል በቀን ጥቂት ጥቂት እየለቀማችሁ ደብተር ላይ ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉ። ከጎኑ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ አውርዳችሁ አንብቡ። አዎ፣ የልጅ መጽሐፍ። ቀዳዳው ያለው እዛ ከሆነ 12ኛ ላይ ብትደፍኑት ምን ዋጋ አለው?

ሒሳብ ላይ ደግሞ ከመቶኛና ከክፍልፋይ አትለፉ። ለአብዛኛው ሥራ ሌላው ትርፍ ነው። ከ1,200 ሜትር ጨርቅ 36 ሜትሩ ተበላሽቷል፣ ብክነቱ ስንት በመቶ ነው? 36 ሲካፈል ለ1,200፣ ሲባዛ በ100፣ 3 በመቶ። ይቺን ካልኩሌተር ሳይነካ የሚመልስ ሠራተኛ ተቆጣጣሪ ይሆናል፣ ዲግሪ ያለው ግን የሚሸሻት ሰው እዛው ይቆማል። 6ኛ ክፍል ነው የተማርናት። ቲቸር ሰሌዳ ላይ ጠርቶን አሳፍሮን ይሆናል ያኔ፤ ዛሬ ማንም አያይም፣ ማታ ቤታችሁ ሥሩት።

ፈረቃችሁን ሲቪያችሁ ላይ አምጡት

ብዙዎቻችን በፈረቃ ነው የተማርነው። ጠዋት የገባ ከሰዓት ነፃ ነው። የነጋዴ ልጅ ሱቅ ይጠብቃል፣ ሌላው ሰኞ ገበያ ወርዶ ይሸጣል፣ ሌላው ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ ያቀብላል። ይሄን ሰው ሲቪው ላይ አይጽፈውም፣ ያፍርበታል እንጂ። ኧረ ተዉ! «ታታሪ፣ ቅን፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን መስመር ሁሉም ከአንድ ኮምፒውተር ቤት ነው የሚያስጽፈው፣ እኔ ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ። ከሱ ይልቅ «ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ውጭ ባለኝ ሰዓት የቤተሰብ ሱቅ ሒሳብ እይዝ ነበር» ቢባል ቀና እላለሁ። «የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና አነብ ነበር» የሚል ልጅ ሰው ፊት መናገር እንደሚችል ነግሮኛል። የቀይ መስቀል ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ የሚል ደግሞ ቃለ ጉባኤ መያዝ ያውቃል። እውነት ይሁን ብቻ፤ ሁለት ጥያቄ ስጠይቅ ይታወቃል።

መምህራችሁን ፈልጉ

ብዙ ሰው «አንድ ቀን ሄጄ አመሰግናቸዋለሁ» ይላል፣ ከዚያ መርዶ ይሰማል። ስልካቸውን ከትምህርት ቤቱ ወይም ከድሮ ተማሪ ጠይቁና ደውሉ። ባዶ እጅ አትሂዱ፣ ስኳርና ቡና በቂ ነው። ከሰላምታው በኋላ ግን አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «እኔ ምን ላይ እሻላለሁ ብለው ያስቡ ነበር?» እናንተ የረሳችሁትን እነሱ ያስታውሳሉ።

ከቻላችሁ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ገብታችሁ ለ8ኛ ክፍል ልጆች አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ሥራችሁ ንገሯቸው። በ2009 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ አለው፣ ሆኖም ልጆቹ ውስጡ ምን እንደሚሠራ የሚነግራቸው ሰው የላቸውም። ደሴ ላይ ትምህርት ቤት በስማቸው ስለተሰየመላቸው ሰዎችም ንገሯቸው እንግዲህ። ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ መምህር አካለ ወልድ የቦሩ ሜዳ ሊቅ ነበሩ። ስማቸውን ደብተር ሽፋን ላይ ስንጽፍ አድገን ማን እንደሆኑ ሳይነገረን የወጣን ብዙ ነን።

ወረቀቱን ዛሬ አስተካክሉ

አሰልቺው ክፍል ይሄ ነው፣ ግን ሥራ የሚያስቀረው ደግሞ ይሄ ነው። ስማችሁ 1ኛ ክፍል ስትመዘገቡ በተጻፈበት መንገድ ነው ዕድሜ ልክ የሚከተላችሁ። 8ኛ ክፍል ካርድ ላይ ሰይድ፣ 12ኛ ላይ ሰዒድ፣ ፋይዳ ላይ ሌላ። መሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ «ኤም» ሁለት ይሆናል፣ አንዱ ጋ አንድ። የልደት ቀን ላይም የኢትዮጵያና የፈረንጅ አቆጣጠር ይደበላለቃል። ያላችሁን ሰነድ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡና ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ስህተቱ ትምህርት ቤት የሠራው ከሆነ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ በሮስተሩ፣ ማለትም በተማሪዎች ውጤት መዝገቡ መሠረት እንዲያርሙ ጠይቁ። ብሔራዊ ፈተና ሰርተፊኬት ላይ ከሆነ የሚመለከተው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ስሙ ጭራሽ የተለያየ ከሆነ ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ስለዚህ ቅጥር ሲመጣ አትጀምሩት።

በ2014ቱ ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋልም። የናንተ ሮስተር መትረፉን ሳያስቸኩላችሁ ሂዱና አጣሩ፣ ካለ ትራንስክሪፕት አውጡ። ክረምት ላይ አትሂዱ፣ ሰው አታገኙም። መስከረም ደግሞ ምዝገባ ነው፣ ማንም አያናግራችሁም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ ግቡ። መታወቂያና የድሮ ካርድ ያዙ፣ ወረቀቱን እንደተቀበላችሁ እዛው በር ላይ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩት።